ያዝ አደረገኝ

አባቴ የሕመም ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ «ያዝ አደረገኝ»። መዶሻ ጣቱን ሲጨፈልቀው ያዝ አደረገው። ወባ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ሲያውለው ያዝ አደረገው። እናቴን የቀበርን ቀን ጎረቤት እንዴት ነህ ሲለው «ትንሽ ያዝ አድርጎኛል» ብሎ ወንበር ሊያመጣ ሄደ። ሎሚ የሚጨመቅበት፣ እጅ የሚጨበጥበት፣ ራስ ምታት ሰቅዞ የሚይዝበት ቃል ሞልቶ፣ እሱ በዚህችው ይኖራል። በጅቡቲ ባቡር ጥገና ክፍል አብረውት የሠሩት ሽማግሌዎችም እንደሱ ናቸው፤ ሕመምን በባዕድ ፊት መዘርዘር ልመና ይመስላቸዋል።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ደረቱን ይዞ ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁትና እየጎተትኩ ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። ከሰፈራችን ከካርቲየ 3 ሐኪም ቤቱ እስክንደርስ ስንጨቃጨቅ ነበር። እሱን ያንገበገበው ብየዳ ቤቱን ዘግቶ መምጣቱ ነው።

«ብርድ ነው፤ የቬንቲላተሩ ነፋስ ነው የመታኝ» ይላል። በጅቡቲ ሐምሌ፣ ብርድ።

ወረፋው አላልቅ አለ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ በሩን ከፍቼ አየሁ፣ ነርሷን ሁለቴ ጠየቅኋት። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። አጠገቤ እንዲህ ረግቶ ሲቀመጥ ይበልጥ ተናደድኩ፤ ፈርቼም ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የምትጠይቀው በፈረንሳይኛ ነው። እሱም ያውቃል፣ ግን የሱ ፈረንሳይኛ ለቡሎንና ለፍሬን እንጂ ለደረት አይሆንም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

«ሕመሙ ይወጋል፣ ያቃጥላል ወይስ ይጨምቃል ትልሃለች» አልኩት።

«ትንሽ ያዝ አደረገኝ በያት።»

እኔም ያለውን እንዳለ አልኳት፤ ትንሽ ያዝ አደረገው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ቃል ስለሆነ አልቆረቆረኝም። ሐኪሟ ጡንቻ ሳይሆን አይቀርም ብላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለልብ ምርመራ እንዲመለስ መጻፍ ጀመረች። አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነው። ወረቀቱን ልቀበል እጄን ስዘረጋ የጠዋቱ ፊቱ ታየኝ።

«አንዴ ቆይ፣ አባዬ» አልኩት። «በአፍህ አትንገረኝ። ጠዋት እንደያዘህ አድርገህ ክንዴን ያዘው።»

አፈረ። ሐኪሟን አየት አደረገ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ የእጄን አንጓ ያዘ። መጀመሪያ እንደ ሰላምታ ነበር። ቀስ እያለ ጠበቀ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ይለቀኛል ስል ባሰበት፤ ጥርሴን ነከስኩ። ሐኪሟ መጻፏን ትታ ሰዓቷን ታያለች። ሲለቀኝ የጣቶቹ ምልክት ክንዴ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«እንዲህ ነው የሚይዝህ?» አልኩት።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«እንዲህ አጥብቆ?»

ክንዴን በአውራ ጣቱ እያሻሸ፣ «አይ» አለኝ፤ «አንቺን እንዳላሳምምሽ ቀንሼ ነው እንጂ።»

ሐኪሟ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ብድግ ብላ በሩን ከፈተችና ቃሬዛ እንዲመጣ ተጣራች።