ቀዩ ፒካፕና የቬቬ ቁልቁለት

ባለፈው ቅዳሜ ዜባህ ሰፈር ወዳለው የመኪና መሸጫ ግቢዬ አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር መጣ። እዚሁ ዙሪክ የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከእናቱ ተውሶ የመጣ ይመስል በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። ግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁን፣ አሜሪካ ሠራሹን ፒካፕ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ቪፊል ይጎትታል?» አለኝ።

ቪፊል በጀርመንኛ ስንት ማለት ነው። «ቮንቫገን ልጎትትበት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ እሷ ሥራ ትሄድበታለች» አለ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። ቮንቫገን ማለት የዚህ አገር ሰው እረፍት ሲወጣ ትልቁን ቤቱን ቆልፎ ከኋላው የሚያስከትለው ትንሽ ቤት ነው።

ስንት ይጎትታል የማይለኝ ገዢ የለም። እንዴት ይቆማል ያለኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አልፈርድባቸውም። ብቻ ልጁ ያንን ሲጠይቀኝ መዳፌ ላይ ላብ መጣ። ስልሳ ዓመት የሞላው ነጋዴ፣ ገዢ ፊት ቆሞ፣ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ማየት ደስ አይልም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርቴን የተማርኩት መርካቶ ነው። እዚህ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር፤ ሥራዬን ለጠየቀኝ «ሰው አገናኛለሁ» እላለሁ። ደላላ የሚለው ቃል ስዊዘርላንድ ድረስ እንዲከተለኝ አልፈለግኩም።

እትዬ ጽጌ የእናቴ የሰፈር ልጅ ናቸው። ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አምባሳደር ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምግብ ሠርተው አቅርበዋል። በቃኝ ብለው በየገበያው ምግብ ሊሸጡ ቆረጡ። ሽዋመንዲንገን ውስጥ ቋሊማ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሽማግሌ፣ ወጥ ቤት ያለበት ተሳቢ ገዙ። የቀረው የሚስበው መኪና ነበር፤ በገበያ ቀን ተሳቢውን የሚጎትት፣ በሌላው ቀን እሳቸው ራሳቸው ቤተ ክርስቲያንም ሱቅም የሚነዱት። ደወሉልኝ።

«ግርማ፣ መኪና ታውቃለህ አይደል?»

«እትዬ፣ መኪናማ የኔ ነገር ነው» አልኩ። እስከዚያን ቀን ያሻሻጥኩት ሁለት መኪና ነበር፤ አንዱ ተመልሷል።

የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ገደማ፣ አንድ መኪና ሻጭ ግቢ ውስጥ ሁለት ፒካፕ ፊት ቆምን። አንደኛው ግራጫ፣ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ መልኩ የቀበሌ ጸሐፊ የሚመስል። ሌላኛው ቀይ ነው። ጀርባው አጠር ያለ፣ የበፊቱ ባለቤት ሆን ብሎ ከፍ ያስደረገው፣ ጎማው ወገቤ የሚደርስ፣ ለመውጣት መወጣጫ የሚያስፈልገው። ሻጩ ሊብሬውን ሰጠኝ። በጀርመንኛ የተጻፈ፣ ቁጥር የበዛበት ወረቀት ነው። ማንበብ የሚችል ሰው የሚያየውን ያህል ጊዜ አየሁት፤ ገለበጥኩት፤ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ጽጌ። እሳቸው ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ አያውቁም።

«ቤት ነቅሎ ይሄዳል ይላል።»

«ግራጫው አይሻልም? ለመውጣትም ለመውረድም...»

«ግራጫው የጡረተኛ ነው፣ እትዬ። ገበያተኛ መጀመሪያ የሚያየው መኪናውን ነው፤ ወጡን በኋላ ነው የሚቀምሰው።»

ሳቁና እሺ አሉ። አመኑኝ። ዛሬ ሳስበው ከቁልቁለቱ ይልቅ እንዴት ቶሎ እንዳመኑኝ ነው የሚያስፈራኝ።

ተሳቢውን ወደ ጄኔቭ ልንወስደው ጭነቱን ጫንኩ። ሁለት ማቀዝቀዣ፣ ከዙሪክ አስመጪ የገዙት የጤፍ ዱቄት፣ ድስትና ጋዝ ምድጃ። እኔ ጭነት የማውቀው ከመርካቶ የእጅ ጋሪ ነው። ጋሪ ሲጫን ክብደቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያኔ እጀታው ቀለል ይላል፣ ገፊውም ክንዱ አይዝልም። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ሁሉ ተሳቢው ጭራ ላይ ከመርኩት። መንጠቆውን አንሥቼ ሞከርኩት፤ በአንድ እጅ ብድግ አለ። በራሴ ኮራሁ።

ተሳቢውን የሸጠው ሽማግሌ ግን ከደጁ ሆኖ እጁን እያወናጨፈ «ፎርነ! ፎርነ!» ይል ጀመር። ፎርነ ወደ ፊት ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ሂዱ፣ ወደ ፊት እያለን መሰለኝ። ጡሩምባ ነፋሁለትና ወደ ፊት ሄድኩ። በስፖኪዮ ሳየው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

«ምን አለ ሰውየው?»

«መልካም መንገድ ነው የሚለን።»

ቀኑ አርብ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ተሳቢው ውስጥ የሠላሳ ዓመት የቋሊማና የሰናፍጭ ሽታ አለ፤ እትዬ ጽጌ «በጾም ቀን ይሄን ያስከተለኝ ኃጢአቴ ምን ይሆን» እያሉ የሽምብራ ቆሎ በእፍኜ ይጨምሩልኛል። በርን ከተማ ላይ ምልክት ስቼ በፍሪቡርግ በኩል ታጠፍኩ። ሁለቱም መንገድ ጄኔቭ ይደርሳል፤ የዚህኛው ግን መጨረሻው ወደ ቬቬ ከተማ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር።

ሜዳው ላይ ሳለን ከኋላችን አንድ ነገር ጀመረ። ትከሻህን መታ አድርጎ «ይቅርታ፣ አንዴ» እንደሚልህ ሰው፣ ተሳቢው መኪናውን በቀስታ ይነካካዋል።

«ግርማ፣ ይሄ ነገር ይገፋናል እንዴ?»

«ነፋስ ነው» አልኩ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውም አልተንቀሳቀሰም። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

ከዚያ መንገዱ አጎነበሰ። ከታች የጄኔቭ ሐይቅ እንደ ቆርቆሮ ያበራል፤ ዳገቱ ላይ ወይን ለቃሚዎች ይታያሉ። ፍጥነቱ ጨመረ። ፍሬን ስይዝ ተሳቢው በግራ ስፖኪዮ ሙሉ ጎኑን አሳየኝ። ከኋላህ የሚከተል ነገር ጎኑ ሊታይህ አይገባም። ወዲያው በቀኝ በኩል መጣ። አንደኛ ደረጃ ሳለን ሰዋስው ያስተማሩን ባለቤትና ተሳቢ ብለው ነው፤ ባለቤት የሚያደርገው፣ ተሳቢ የሚደረግበት። ያን ቀን ተሳቢው ባለቤት ሆነ። የሚደረግብን እኛ ነበርን።

ፍሬኑን አጥብቄ ያዝኩ። ባሰበት። የቀዩ ፒካፕ ጅራት ወደ ጎን ሲሄድ ወንበሬ ሥር ተሰማኝ። ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነውና እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ከኋላችን የነበረ አንድ የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ ብልጭ አድርጎ ርቆ ቀረ፤ ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የምንገለበጥበትን ቦታ እየለቀቀልን ነበር።

እትዬ ጽጌን በዓይኔ ጫፍ አየኋቸው። አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ፊት አንሥተው፣ የማይታይ ነገር ተሸክመው እንዳይፈስባቸው የሚጠነቀቁ ይመስላሉ።

«ልቀቀው!»

«ምኑን?»

«ፍሬኑን ልቀቀው! በያዝከው ቁጥር ነው የሚብሰው! ሾርባ የያዘ ሰው ድንገት አይቆምም!»

ቁልቁለት ላይ፣ ሐይቅ አፉን ከፍቶ እየጠበቀህ፣ ፍሬን ልቀቅ! በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። እግሬ እምቢ አለ። «ልቀቅ አልኩህ!» ሲሉ እሺ ያለው እግሬ ነው፣ እኔ አይደለሁም። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ተሳቢው አንዴ ሰፋ አድርጎ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ከዚያ ጠበብ አደረገ፤ ከዚያ ደግሞ ጠበብ። ልክ ሳህን ውስጥ እንዳለ ሾርባ ረጋ። መንገዱ ሻል ያለበት ስንደርስ ፍሬኑን በጣት እንደመንካት ነካ ነካ እያደረግኩ ከአንድ ማረፊያ ገባሁ።

የተቃጠለ ፍሬን ሽታና የተጨመቀ ወይን ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። በሩን ልከፍት አልቻልኩም፤ ጣቶቼ መሪው ላይ ቀርተዋል። እትዬ ጽጌ ወረዱ። ተሳቢውን ዞሩት፣ ከፍተው አዩት፣ በመስኮቴ በኩል መጡ።

«ሽማግሌው ምን ነበር ያለው?»

«ፎርነ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወደ ፊት።»

«ምኑ ወደ ፊት?»

«ዕቃው መሰለኝ» አልኩ።

«መሰለኝ? ሊብሬውስ?»

«አላነበብኩትም፣ እትዬ። ጀርመንኛ ማንበብ አልችልም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። «እኔም ሰው ቤት ዋሽቼ አውቃለሁ» አሉ። «የተሰበረ ሳህን ደብቄ አላየሁም ብያለሁ። ሰው ነፍሱን ይዞ የሚቀመጥበትን ነገር ግን ዋሽቼ አላውቅም። ውረድና ዱቄቱን እናምጣ።»

ከረጢት በከረጢት ወደ ፊት አዛወርን። አንዱ ተቀዶ ሁለታችንም ነጭ ሆንን። ሲያልቅ ከታች የሚታየውን የቬቬ ባቡር ጣቢያ አሳየኋቸው። «እርስዎ በባቡር ይሂዱ። እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»

«ብቻህን ልኬህ አንድ ነገር ብትሆን ለእናትህ ምን ልላት ነው?» መወጣጫውን ረግጠው እያቃሰቱ ወጡ። «እሄዳለሁ። ግን የማታውቀውን ሁሉ እየነገርከኝ ነው የምንሄደው።»

እንዲያ ሆነ። ከጭነት መኪናዎች ኋላ እየተጎተትን፣ ተሳቢው ትንሽ በተወዛወዘ ቁጥር ፍጥነት እየቀነስኩ፣ ጄኔቭ እስክንገባ ይጠይቁኛል። «ይሄ ምልክት ምንድነው?» «አላውቅም።» «ጎማው ስንት ነፋስ ይፈልጋል?» «አላውቅም።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላልኩትን «አላውቅም» በአንድ ከሰዓት ከፈልኩት። በሳምንቱ ቀዩን መልሰን ግራጫውን ወሰድን። እትዬ ጽጌ ጡረታ እስኪወጡ ነዱት። እኔም የጀርመንኛ የማታ ትምህርት ገባሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ለልጁ ቁጥር አልነገርኩትም። አሸዋ በደንብ የተጫነበት ተሳቢ ከፒካፑ ኋላ አሰርኩና መሪውን ሰጥቼው አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሚስቱ ከኋላ። ከአንድ ኮረብታ ቀስ ብለን ወረድን። ምንም አልሆነም፤ ታች ስንቆም ብቻ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ መጥቶ ጀርባችን ላይ ተደገፈ።

«ጋሼ፣ ገፋን» አለች ሚስቱ።

«ይገፋል» አልኳት።

«አንተ ትፈራለህ እንዴ?» አለኝ ልጁ፤ እርስዎ ማለት እናቱ አላስተማረችውም።

«ተሳቢ ባየሁ ቁጥር» አልኩት።

ላስብበት ብሎ ሳይገዛ ሄደ። ይህን ንግድ ሰዎች በድፍረት የያዝኩት ይመስላቸዋል፤ ፈሪ በመሆኔ ስንት ገዢ እንዳመለጠኝ አያውቁም። ነጋዴ ነኝና ልጁ ሲሄድ ቆጨኝ። ግን ቁጭት ሰው ያስተኛል፤ እንቅልፍ የሚነሣው ጸጸት ነው።