በመርፌ የወጋሁት ቫይታሚን

ያለፈው ሁዳዴ ሲገባ እግሬ ከዳኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እንጀራዬ ቆሞ መዋል ነው። ሁለት ሰው እንዳስተካከልኩ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ እጄም ይከተላል። አንዱ ደንበኛ፣ «አንተ፣ ጆሮዬን እፈልገዋለሁ እኮ!» ብሎ ምላጩን ቀማኝ። በዚህ ዓይነት ቤቱን ልዘጋው ነው ብዬ ፈራሁ።

ደሜ ሲታይ ቫይታሚን ዲ አንሶሃል ተባልኩ። ቡሬ ሄጄ፣ ውስጡ ዘይት ያለበት እንክብል ገዛሁ። ከዚያ ብልጠቴ መጣ። የእንክብሉ ልባስ ከከብት ቆዳ ይሠራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። በጾም ቆዳ ልዋጥ እንዴ? በመርፌ እየወጋሁ ዘይቱን ውሃ ላይ ጨምቄ፣ ልባሱን ጥዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። ከላዩ ቆሎ እቆረጥምበታለሁ። እንዴት እንደኮራሁ!

ከፋሲካ በኋላ ደሜ ሲታይ ቫይታሚኑ ንቅንቅ አላለም። ተናድጄ መድኃኒቱን ወደሸጠችልኝ ልጅ ተመለስኩ።

«እስቲ ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

ስነግራት ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች።

«ቫይታሚኑን ብርጭቆዎ ነው የወሰደው! ዘይት እኮ ብርጭቆ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ልባሱ ሳይባክን ሆድዎ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ነው። አንጀት ሲደርስ ሐሞት ዘይቱን በዓይን ወደማይታይ ጠብታ ይበታትነዋል፤ ሰውነትም ቫይታሚኑን ያኔ ያገኘዋል። ዘይት ያለው ምግብ ካልበሉ ደግሞ ሐሞቱም በደንብ አይመጣም።»

«በጾምስ?»

«የኑግ ዘይት ያለበት ሽሮ ይበቃዎታል። የልባሱን ነገር ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ አልቀስስም።»

ጠየቅኳቸው።

«ለመድኃኒት ማን ከለከለህ?» አሉኝ።

«ማንም፤ እኔው ነኝ አባ።»

«ሐኪሙም ቄሱም አንተ ሆንክና! በል እንደታዘዝከው ዋጥ።»

ፍልሰታን እንክብሉን ከነልባሱ በሽሮ እየዋጥኩ ጾምኩ። ያቺ ልጅ ከት ብላ ባትስቅብኝ፣ አባም ባይቆጡኝ፣ ዛሬም እንክብል ስወጋ በተገኘሁ ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተሰላፊው በረንዳውን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ከጠዋት ጀምሬ ቆሜ ዋልኩ። ከማንኩሳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን ተላጭተው በመስታወት አገጫቸውን እያዩ፣

«ዘንድሮ እጅህ ረግቷል» አሉኝ።

«እግሬ ነው አባቴ» አልኳቸውና ቀጣዩን ጠራሁ።