ሻምበሉ በር ላይ የቀሩበት የዋንጫ ቀን

ዛሬ ኳስ ሳይ፣ በጃንሆይ ጊዜ ሻምበላችንን ከገዛ ግቢያቸው በር ላይ ጠመንጃ ደግኜ ያቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ንፋስ መውጫ ከተማ፣ የጦር ሰፈራችን በር ላይ ዘብ ቆሜ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ስለሆነ ጦሩ ሁሉ ውስጥ ሬዲዮ ከቦ ተቀምጧል። ሻምበሉ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው እየሮጡ መጡ።

«የይለፍ ቃል?» አልኳቸው።

ረስተውታል። «አታውቀኝም እንዴ?»

«አውቅዎታለሁ ጌታዬ። ግን ‹ያለ ይለፍ ቃል እናቴም ብትመጣ አታስገባ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ቃሉን የሚያውቀው ተረኛ አስር አለቃ ከውስጥ መጥቶ እንዲያስገባቸው ብንጣራ፣ በዚያ የኳስ ጩኸት ማን ይስማን። (ከዚያ ቀን በፊት ሁለታችን እኩል ሆነን አናውቅም።)

«ማን አገባ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እኔም ውጭ ነኝ ጌታዬ።»

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስለ ንቃቴ አመሰገኑኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ለዘብነት ሩቅ ወዳለችው ወገዳ በእግሬ ሰደዱኝ።

እናንተስ ትእዛዝ አክብራችሁ የተቀጣችሁበት ቀን ካለ፣ እስቲ አጫውቱኝ።