ማርዋ ዳግም አፏን የፈታችበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አጎቴ ሰይድ ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ ጓሮ የሚወጣው፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማውን ስቦ ወሬ የሚጀምረው ያኔ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ተረቶቹ የጅብና የቀበሮ አልነበሩም፤ የቋንቋዎች ነበሩ።

አንድ ክረምት አክስቴ ዘሃራ ልጇን ማርዋን ይዛ ከጅዳ ተመልሳ እኛ ቤት አረፈች። ማርዋ እኩያዬ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ስለነበር ከዐረብኛ ሌላ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ታወራ ነበር፤ የሰፈር ልጆች አነጋገሯን እየደገሙ ሲስቁባት ግን ጭራሽ ዝም አለች፤ ከእናቷ ጋር እንኳ ንግግሯ በምልክት ሆነ። ትምህርት ሊጀመር ሲቃረብ አክስቴ ለእናቴ፣ «ልጄ ዲዳ ሆና ልትቀርብኝ ነው» ስትላት ሰምቻለሁ።

አንድ ምሽት እናቴ ቆሮሶ ዓሣ ፍሙ ላይ ስትጠብስ፣ ጢሱ ፋኖሱን እየከበበ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አጎቴ ጀመረ። አክስቴ እየተከተለች ለማርዋ በዐረብኛ ትነግራታለች።

ከጥቁር ባሕር ወዲያ፣ ዳር በሌለው የሣር ሜዳ ላይ ከብት የሚያረቡና ፈረስ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ነበሩ አለ። በሬ በሚጎትተው ጋሪ ዕቃቸውን ጭነው፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ፣ ገሚሱ ወደ አውሮፓ፣ ገሚሱ ወደ ፋርስና ወደ ህንድ ሄደ፤ ሁሉም በሄደበት ምላሱ እየተለወጠ መጣ፣ በመጨረሻም ዘመዳሞች መሆናቸው ተረሳ።

«ታዲያ በምን ታወቀ?» አልኩት።

«ቃላቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው። እናትን እንግሊዙ ማዘር ይላል፣ ፋርሱ ማዳር፣ የጥንቱ ህንድ ማታር። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር፤ ግን ብዙ ነው። ሜዳውን ያየ የለም፤ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል።»

«የእኛስ?»

«የእኛ ሌላ ቤት ነው። እሱን ደግሞ…»

አልጨረሰውም። እናቴ የበሰለውን ዓሣ ሳህን ላይ ስታወጣው ማርዋ ወደ ጭንቅላቱ ጠቆመችና፣ ከጉሮሮዋ ሥር በሚወጣ ድምፅ «ዐይን» አለች። ለእናቷ መሆኑ ነው። እኔ ግን ገባኝ። ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

የራሴን ዓይን ነካሁና «ዓይን» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። ወደ ቤቱ ጠቆመችና «በይት» አለች። «ቤት» አልኩ። ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤ «ሰማእ»። «ሰማይ»። ደም ደም ሆነ፣ ሞት ሞት ሆነ፣ አንተም ያው አንተ። ከዚያ ወደ ፋኖሱ ዞራ «ፋኑስ» ስትል፣ አጎቴ ሳቅ ብሎ «እሱንስ ተውሰነው ነው፤ ከዘመድ አይቆጠርም» አለ።

ማርዋ እየሳቀች ነበር። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና «ወንድም ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። እናቴ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብሉ እያለች ተቆጣችን፤ የሰማት ግን አልነበረም።

ትምህርት ቤት አብረን ገባን። የማይመሳሰሉትን ቃላት እኔ እያስተማርኳት ስንመላለስ ዓመቱ ሳያልቅ ዘዬዋ የወሎ ሆነ። ዛሬ ውጫሌ አግብታ የምትኖር ባለ ሱቅ ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ለፍላፊ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አጎቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ስለ እኛ የቋንቋ ቤት ያለውን ቀሪ ወሬ ሌላ ምሽት ጨርሶልናል፤ ዐረብኛ የቅርብ፣ ኦሮምኛም ራቅ ያለ ዘመዳችን እንደሆነ ያኔ ነው የነገረን። ብዙውን ረስቼዋለሁ። አሁን ከደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ሲያወሩ ስልኬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። የማውቀውን ቃል አንዳንዴ አገኛለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አላገኝም፤ ቢሆንም መንገዱ ያጥርልኛል።