የመብርሃቶም እንቅስቃሴ

የእህቴ የማዕዛ ባል መብርሃቶም ካዛንቺስ ያለው ቢሮው ገብቶ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ እስከ ምሳ የማይነሳ ሰው ነበር። ከቤታቸው ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ያለውን አጭር መንገድ እንኳ በታክሲ ነው የሚሄደው። ክፋት የለበትም፤ ስንፍና ግን አለበት፤ ይህን ፊት ለፊቱም እለዋለሁ።

ከተጋቡ አምስት ዓመት ሆናቸው፤ ልጅ የለም። ጸበሉም ምርመራውም የማዕዛ ብቻ ነበር፤ እሱን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኝ ስለነበር አንድ ቀን፣ "አንተስ?" ብዬ አፋጠጥኩትና አብረው ክሊኒክ ሄዱ።

ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ፣ "ቁጥሩ ደህና ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ደካማ ነው" አለ።

የሚያወራው ስለ ዘሩ ነበር። መብርሃቶም ግን ቁጥሩ ኪሎው፣ እንቅስቃሴው ደግሞ የራሱ አካሄድ መሰለው። አፈረ።

"ያው የቢሮ ሥራ፣ በቃ ቁጭ ብሎ መዋል ነው ዶክተር።"

"እሱም አስተዋጽኦ አለው። ስፖርት ይጀምሩ፤ ግን በመጠኑ። ስቲም ባዝ መግባት ይቅርብዎ፤ ሙቀት ለዘር ጥሩ አይደለም። ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል።"

በመጠኑ የሚለውን አልሰማም። በማግስቱ ጂም ተመዘገበ። ብረት ሲታገል ያመሽና ራት ሳይቀርብ ሶፋው ላይ ያንኮራፋል።

"እንዲህ ደክመህ ተኝተህ ልጁ ከየት ይመጣል?" አልኩት።

ጂሙን ትቶ መራመድ ያዘ። ከሥራ ሲወጣ ባምቢስ አካባቢ ማዕዛ የምትሠራበት ሱቅ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ከዚያ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ አብረው ወደ ኡራኤል ይመለሳሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ዶክተሩ አዲሱን ውጤት አየ። "እንቅስቃሴው በጣም ተሻሽሏል።"

"መራመዴን ማን ነገረዎት ዶክተር?"

ዶክተሩ ነገሩ ሲገባው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። "የእርስዎን አላልኩም፤ የዘርዎን ነው።"

ሲወጡ ማዕዛን ጠየቃት። "አንቺ ገብቶሽ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ብነግርህማ አንተ ቁጭ ብለህ እነሱ እንዲራመዱ ትጠብቅ ነበር።" ፈገግ ብላም፣ "ደግሞ መጥተህ ስትወስደኝ ደስ ይለኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነበር የምመላለሰው" አለችው።

እጇን ያዘ።

ባለፈው ሳምንት ባምቢስ አብሬያቸው ነበርኩ። ማዕዛ የታክሲው ሰልፍ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ዛሬ በታክሲ እንሂድ።"

"ምን ሆነሻል? እንቅስቃሴውስ?" አለ መብርሃቶም። አሁን እሱ ነው ሰባኪው።

"እንቅስቃሴው ደርሷል" አለችና እጁን ሳብ አድርጋ ሆዷ ላይ አኖረችው።

ታክሲው መጣ፤ ተራችን ነበር። መብርሃቶም ግን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ መነሳት አቃተው።