ዩንዠን የሮጠች ዕለት

ጉ ዩንዠን ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ቼንግዱ ውስጥ በሚታተም አንድ የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ከየአገሩ የሚላኩ ድርሰቶችን ቤቷ ሆና እያነበበች የሚታተመውን ከሚጣለው ትለይ ነበር። ባሏ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን አማቷን፣ አዛውንት ፋንን፣ የምትጦረው እሷ ነበረች።

ያን ሰኞ ጠዋት አትክልት ልንገዛ ስንወርድ አንድ ድርሰት አናዷት ነበር። ከምትጠፋ ምድር የሸሹ ሦስት ሺህ ሰዎች በጠፈር መርከብ ሲጓዙ አየር ያጥራቸዋል፤ አለቃው ሽማግሌዎቹ ወደ ጨለማው እንዲጣሉ ያዛል።

«‹ካልተረፍን ደግ እንደነበርን ማን ያስታውሳል?› ይላል፣ ይሄ አረመኔ!»

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አልኳት ቃሪያ እየመረጥኩ።

«አባቱን ጥሎ የተረፈ ሕዝብ ምኑ ተረፈ? መትረፍማ አይጥም ይተርፋል!»

«አይጥ ግን በሕይወት አለ።»

«ሂጂ ወዲያ!» ብላ በያዘችው ሽንኩርት መታችኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ መሬት ከሥር አጓራች። ግድግዳው እንደ ጨርቅ ተወዛወዘ፤ ቁም ሣጥኔ በአፍጢሙ ተደፋ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ዛፍ አቅፌ ስንቀጠቀጥ ዩንዠን ከደረጃው ተወርውራ ወጣች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ያንን ድርሰት ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች።

«አባባ ፋንስ?» አልኳት።

የማታውቀው ቋንቋ የተናገርኩ ይመስል አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየችው። ፊቷ አመድ ሆነ።

«ትቻቸው ወጣሁ» አለች።

ሕንፃው ገና ይንቋቋል። እጇን ለቀም አደረግኩ። «አትግቢ! ይደረመሳል!» እውነቱን ለመናገር፣ አብረሽኝ ግቢ እንዳትለኝም ፈርቼ ነበር። መንጭቃኝ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷ ናት የነገረችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ መሬቱ እንደገና ሲነቃነቅ የደረጃውን ብረት አቅፋ ተቀመጠች፤ ልብሷ ላይ ሸናች። «ሁለት ደረጃ ተመልሼ ወርጃለሁ» አለችኝ። ያኔ ከላይ ሽማግሌው ሲያስሉ ሰማች።

በራፉ ላይ በክርናቸው እየተሳቡ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«ኋላ ታለቅሻለሽ! አሁን እዘይኝ!»

አዝላቸው ወረደች።

ብዙ ቀን መናፈሻው ውስጥ ላስቲክ ወጥረን አደርን። መሬቱ በተነቃነቀ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። ዩንዠን አማቷን የሩዝ ገንፎ ስታጎርሳቸው ዓይናቸውን አታይም። በሦስተኛው ቀን እኔ እየሰማሁ፣

«ስሚ ልጄ፣ እግር ቢኖረኝ እኔም አንቺን ጥዬ እሮጥ ነበር። ይልቅ ይሄ ገንፎ ጨው የለውም» አሏት።

ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረና አልቆም አለ።

ድርሰቱን እንዲታተም አሳለፈችው። ለጸሐፊው ግን «የመርከቡ አለቃ ምንም አይፈራም፤ እስኪ ይፍራ» ብላ ጻፈችለት። አለቃው ልክ ነው ብላ ግን አታውቅም።

ሕንፃው ስላልፈረሰ ኋላ ወደየቤታችን ተመለስን። አዛውንቱ ከሁለት ዓመት በኋላ አልጋቸው ላይ አረፉ። ዩንዠን ጡረታ ወጣች። ዛሬም ከባድ መኪና አልፎ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሳታስበው ደረጃው ላይ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ በሬን ትደበድባለች።

«ውጪ! ቶሎ ውጪ!»

«መኪና እኮ ነው» እላታለሁ። ግን ሁለታችንም ወርደን ግቢው ውስጥ እንቆማለን።