የሠርካዲስ ኮምፒውተርና የአባቷ ጥለቶች

ሠርካዲስ ዓለሜ ሽሮ ሜዳ ተወልዳ ሽሮ ሜዳ ያደገች፣ አርባ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። አባቷ ሸማኔ ቢሆኑም እሷ ከመወርወሪያ ይልቅ ከወረቀት ጋር ነው የኖረችው። አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። ማኅበሩ ሲፈርስ ጠረጴዛውና መደርደሪያው ለአባላቱ ተከፋፈለ፤ እሷ ስትጽፍበት የኖረችውን ኮምፒውተር ወሰደች። ማንም አልተሻማትም። ያኔም አሮጌ ነበር።

ቤታቸው ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በአንደኛው ክፍል የአባቷ የሽመና ጉድጓድ አለ። አቶ ዓለሜ እግራቸውን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ሃምሳ ዓመት ሸምነዋል። የእሳቸውን ጥለት ነጋዴዎች ከሩቅ ይለዩት ነበር። ከአባታቸው የወረሱት ጥለት አለ፣ ከአጎታቸው የተማሩት አለ፣ ብዙውን ደግሞ ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት። በወረቀት የሰፈረ ግን አንድም የለም። ሁሉም ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር።

እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ዓመት ክሩ ይምታታባቸው ጀመር፤ ሽመናውንም ተዉ። ያኔ ነው ለሠርካዲስ አንድ ሐሳብ የመጣላት። ማኅበሩ ውስጥ የአባላትን ስም የምትመዘግብበት፣ በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ይህች ሣጥን አንድ ክር ትሁን» አለቻቸው። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ቀለም እቀባታለሁ።»

አቶ ዓለሜ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ክር እንደሚቆጥር ሁሉ ይንቀሳቀሳል። «ሁለት ቀይ፣ አንድ ዝለይ፣ ሦስት ወርቅማ፣ አንድ ዝለይ...» ሠርካዲስ ሣጥን በሣጥን ትቀባለች። አንዲት ጥለት አንዳንዴ ወር ትፈጃለች። ተጨርሳ ስክሪኑ ላይ ሲያዩዋት ሽማግሌው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቁ ነበር። «ይሄ ሣጥን ጉድጓድ ሳይገባ ሸማኔ ሆነ እኮ!»

በአራት ዓመት ሠላሳ አንድ ጥለት አስገቡ። ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ ነበር።

ከዚያ አቶ ዓለሜ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የጎረቤቶቻቸውን ስም፣ ቀጥሎ ምሳ መብላታቸውን፣ በኋላ ደግሞ የልጃቸውን ስም ረሱ። ሠላሳ ሁለተኛዋ ጥለት መሐል ላይ ቆመች። እሷም የሠርካዲስ እናት ስታገባ ለለበሰችው ነጠላ አቶ ዓለሜ የሠሩላት ጥለት ነበረች። ነጠላዋ ራሷ የለችም፤ እናቷ ስትቀበር አብራ ሄዳለች።

ኮምፒውተሩ መዘግየት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ድሮ ቁልፉን ተጭና ወንበሯን ሳብ እስክታደርግ ይነሳ ነበር። ኋላ ተጭናው ልብስ ከገመድ ሰብስባ ስትመለስ የሚነሳ ሆነ። ይባስ ብሎ ተጭናው ወጥታ ዳቦ ገዝታ፣ ከጎረቤት ጋር ተጨዋውታ ስትመጣም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦቹ ሲሽከረከሩ ታገኛቸዋለች። «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ብላ ለመደችው።

ማተሚያ ቤት የምትሠራው ጎረቤቷ ሰምሀል «ቫይረስ ነው» ብላ መከላከያ ጫነችላት። ጭራሽ ባሰበት። ሠርካዲስ ክዳኑን ፈታ የስንት ዓመት አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገች። እሱም ለውጥ አላመጣም። በመጨረሻ በኩታ ጠቅልላ፣ ታቅፋ፣ ዳገቱን ወረደች። ከጎሚስታው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዘርዓብሩክ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የተማረ ነው።

ዘርዓብሩክ ተቀምጦ ተራ በተራ አየው። «አሥራ ሰባት ፕሮግራም አብሮት ይነሳል። ሁሉም በአንድ በር እንግባ ሲሉ በሩ ላይ ተጣብቀው ቀሩ ማለት ነው።» አንድ በአንድ አጠፋቸው። ኮምፒውተሩ ቀልጠፍ አለ።

«ለማንኛውም ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ» አላት ስትወጣ።

«እሺ» አለች። ከልቧም ነበር። ግን ኮምፒውተሩ ደህና ሆነ፤ ደህና የሆነ ነገር ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? አባቷን ማጠብ ነበረባት፣ ማጉረስ ነበረባት፣ በር ከፍተው ሲወጡ ሮጦ መመለስ ነበረባት።

ክረምቱ ሲገባ መዘግየቱ ተመለሰ፤ አሁን ድምፅም ጨመረ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ዘርዓብሩክ ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ።

«ሠርኬ፣ እስከ ዛሬ ስንፈልግ የኖርነው የሌለበት ቦታ ነው። የታመመው ዲስኩ ነው።»

«ይቀየርለታ።»

«ዲስኩ ይቀየራል። በላዩ ያለውስ?» ወንበር ሳበላት። «ሲነሳ ከዲስኩ ላይ ማንበብ አለበት። የተበላሸ ቦታ ሲደርስ ማንበብ ያቅተዋል፤ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይሞክራል። ያ ነው የሚያቆየው። እኔ ቀድሞ መጠርጠር ነበረብኝ።»

ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የድሮው ማኅበር ደብዳቤዎች ተገለበጡ። የአባቷ ፎቶዎች ተገለበጡ። የጥለቶቹ ፋይል ግን መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቆመ።

«በቃ፣ ከዚህ በላይ አልነካውም» አለ ዘርዓብሩክ። «ቶለሳ የሚባል የዚህ ባለሙያ አለ፤ መሣሪያው አለው። ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። እስከዚያ እንዳታበሪው። በከፈትሽው ቁጥር ይብስበታል። እንዲያውም እኔ ጋ ተዪው።»

ሠርካዲስ መደርደሪያው ላይ የተከመረውን የሰው ዲስክ አየች። ከዚያ ሁሉ መሐል ቢምታታስ? «ቤት ይሻለኛል። አላበራውም» አለች። ዘርዓብሩክ ቅር እያለው ዲስኩን መልሶ ገጠመላት።

ስምንት ቀን ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችው።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አቶ ዓለሜ ሳይቀሰቅሷቸው ተነሡ። ፊታቸውን ራሳቸው ታጠቡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሠርኬ» አሉ።

ስሟን ከጠሯት አምስት ወር አልፏል። እጇ ላይ የነበረውን ኩባያ አስቀመጠች።

«አቤት አባዬ።»

«ያቺን የእናትሽን ጥለት አልጨረስናትም እኮ። የት ጋ ነበርን?»

ሠርካዲስ ሮጣ ደብተርና እስክሪብቶ አመጣች። «ዝም ብለው ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

«ከየት ብዬ ልንገርሽ? መሐሏ ላይ ነን። የተሸመነውን ሳያይ የሚቀጥል ሸማኔ አለ?»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው እንያዘው።»

«አንድ ቀይ... ሁለት... አይ፣ አይደለም።» ግንባራቸው ተቋጠረ። «አሳዪኝ! ባየው ይመጣልኛል። እዚህ ጋ ነው ያለው» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ለዘርዓብሩክ ደወለች። አያነሳም፤ የጸሎት ሰዓት ነው። ደግማ ደወለች። አባቷን አየች። ጣታቸው አሁንም ይቆጥራል። ነገም እንዲህ ሆነው ይነሡ እንደሆነ ማን ያውቃል? ቶለሳ ሲመጣ እሳቸው ይኖሩ ይሆን? ጨርቁን ገፈፈችና ቁልፉን ተጫነች።

ነጠብጣቦቹ መሽከርከር ጀመሩ። ጠቅ... ጠቅ።

«መጣ?» አሉ አቶ ዓለሜ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እየመጣ ነው አባዬ።»

ሩብ ሰዓት አለፈ።

«መጣ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ። እማዬ ነጠላዋን ስትለብስ ምን አለች? እስቲ ያጫውቱኝ።»

«ከበደኝ አለች» ብለው ፈገግ አሉ። «ጥለቱ በዝቶ ነው። ከበደኝ አለች፣ ግን አላወለቀችውም።»

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የይለፍ ቃሏን አስገባች። ሰማያዊው ስክሪን ቆሞ ቀረ። የሽማግሌው ጣቶች እየዘገዩ ሄዱ። ሠርካዲስ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ጣቶቹን ታያለች። አርባ ደቂቃ ሲያልፍ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ፋይሉን ነካችው።

«አባዬ፣ ሊከፈት ነው፤ ደረሰ!»

አቶ ዓለሜ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው በትሕትና ጎንበስ አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ እናቴ?»

ያን ጊዜ ድምፁ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ። እንደገና ስትጫነው፣ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ መጣ።

ቶለሳ በቀጠሮው መጣ። ዲስኩን ከፍቶ በመብራት አሳያት፤ ገጹ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት አለ። «እዚህ ላይ የነበረው ተፍቋል» አላት። «የሚመለስ ነገር የለም።» ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰላት። ዘርዓብሩክ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «እኔ ጋ ብትተዪው ኖሮ» አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር።

ዘርዓብሩክ አዲስ ዲስክ ገጠመላት። ኮምፒውተሩ አሁን እንደነኩት ይነሳል። ሠርካዲስ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻና የሥራ ልምድ ትጽፍበታለች።

የአባቷን ጥለት ፍለጋ ሽሮ ሜዳን በሱቅ በሱቅ ዞራዋለች። የእሳቸው እጅ የሠራው ተሸጦ ካለቀ ቆይቷል። አብዛኛው መደርደሪያ ላይ ያለውም በፋብሪካ የታተመ ነው። የአባቷ እኩያ የሆኑት አቶ ኪሩ ብዙ አስበው፣ «እጄ ያውቀው ነበር፣ አፌ ግን አያውቀውም» አሏት። እጃቸውም ሽመና ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።

የእናቷን ጥለት ከራሷ ትውስታ ለመሥራት ሞከረች። አሥራ አንድ ረድፍ ቀባች። ትክክል ትሁን አትሁን የምታረጋግጥበት ነገር የላትም። አንድ ቀን አባቷን ይዛ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። አቶ ዓለሜ ጣታቸውን ዘርግተው መስታወቱን ዳሰሱት።

«ያምራል» አሉ። «ማን ነው የሠራው?»

«እርስዎ ነዎት አባዬ።»

«እኔ?» ሽማግሌው ሳቁ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። «እኔ ሽመና አላውቅም ልጄ። ተሳስተሽ ነው።»

ሠርካዲስ አልተከራከረቻቸውም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ አልጋቸው መለሰቻቸው። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ አሥራ ሁለተኛ አልተጨመረበትም።